ስለ ሜርኩሪ መብራት የጠየቁኝ ቀን

ብርሃንን የሚያወድስ ሰው ሁሉ መሰላል ላይ ወጥቶ አያውቅም። ይህን ስል ቅር የሚለው ይኖራል... ቅር ይበለው! "ብርሃን ፈጣን ነው"፣ "ብርሃን ንጹሕ ነው"፣ "ብርሃን እውነቱን ይገልጣል" ይባላል። ማን ነው ያለው? ማብሪያውን ተጭኖ ወንበሩ ላይ የተደላደለ ሰው ነው ያለው። እኔ ግን ካርቱም ውስጥ ብርሃን በትከሻዬ ተሸክሜ ኖሬያለሁ፤ ሲቀናኝ በራክሻ (እናንተ ባጃጅ የምትሉት)፣ ሳይቀናኝ በአህያ ጋሪ። ስለዚህ ከእኔ ስሙ። ብርሃን ከባድ ነው። ብርሃን እንደ ንብ ይጮኻል። ብርሃን አረንጓዴ ነው። ከሁሉም በላይ ደግሞ ብርሃን ያኮርፋል!

የማወራችሁ ስለ ሜርኩሪ መብራት ነው። ታውቁታላችሁ፤ በትልልቅ መንገዶች ምሰሶ ላይ ተሰቅሎ፣ ሥሩ የቆመውን ሰው ሁሉ ትናንት ተቀብሮ ዛሬ የወጣ የሚያስመስለው መብራት። ከውጭ ወተት የመሰለ ትልቅ ብርጭቆ አለው፤ በውስጡ ጣት የምታክል ሌላ ብርጭቆ አለች፤ በዚያች ውስጥ ደግሞ ጠብታ ሜርኩሪ። ሱዳኖቹ ዚባግ ይሉታል፣ የአገራችን ሽማግሌዎች ባዜቃ። ኤሌክትሪክ ሲያገኛት ጠብታዋ ቀስ በቀስ ትሞቃለች፣ ትተናለች፣ ከዚያ ታበራለች። ቀስ በቀስ ነው ያልኩት። ሻይ አዝዛችሁ፣ ጠጥታችሁ፣ ስለ ስኳሩ ማነስ ተከራክራችሁ ልትጨርሱ ትችላላችሁ።

እኔና ታላቅ ወንድሜ ሰይድ የምንሠራው ከዐም ኡስማን ጋር ነበር። ዐም ማለት አጎት ማለት ነው። ካርቱም ውስጥ አሠሪ ሁሉ አጎት ነው፣ ደመወዝ እስኪጠየቅ ድረስ። ዐም ኡስማን ሳጃና በሚባል የካርቱም ሰፈር ውስጥ ድንኳን፣ ወንበርና መብራት ያከራያል። አንድ ጊዜ የመንገድ መብራቶች በአዲስ ሲቀየሩ አሮጌዎቹን ሜርኩሪዎች ከውራጅ ነጋዴ ላይ በጋሪ በጋሪ ሰበሰባቸው። ለሰርግም ለለቅሶም ድንኳኑ አንድ፣ ወንበሩ አንድ፣ መብራቱ አንድ ነው። የሚለየው የዐም ኡስማን ምላስ ብቻ ነው። ለሰርግ የመጣ ደንበኛ ከሆነ "ዘይ አልገመር!" ይላል፣ እንደ ጨረቃ ማለቱ ነው። ለለቅሶ የመጣ ከሆነ ደግሞ ድምፁን ዝቅ አድርጎ "ብርሃኑ ጨዋ ነው፣ አይጮኽም" ይላል። ይጮኻል!

ሰይድ ግን የራሱ መዝገበ ቃላት ነበረው። ለእሱ መብራቶቹ ሁሉ ሴቶች ናቸው፣ ያውም የሰፈራችን ሴቶች። ማብሪያው ሲነካ መጀመሪያ ሐምራዊ ትሆናለች፤ "ፊቷን እየታጠበች ነው" ይላል። ባላስቱ፣ ማለትም ኤሌክትሪኩን የሚመጥንላት ከባዱ ብረት፣ እዝዝ ማለት ሲጀምር "ጉሮሮዋን ጠረገች" ይላል። አርጅታ ብርሃኗ ሲደክም "ጡረታ ጠየቀች" ይላል። ጉዱ ግን የሚመጣው በርታ ሳለች ኤሌክትሪክ ለዓይን ጥቅሻ ያህል እንኳ ሄዶ ከተመለሰ ነው። ተራ አምፖል ወዲያው ይበራል። እሷ ግን ጭልም ብላ ትቀራለች። እስክትቀዘቅዝ ድረስ ንጉሥ ቢለምናት አትነሳም። የአሥራ አንደኛ ክፍል የፊዚክስ መጽሐፌ ይህን በግማሽ ገጽ አብራርቶት ነበር፤ እኔም ሸምድጄው ነበር። ሰይድ በአንድ ቃል ይጨርሰዋል፤ "አኮረፈች።"

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልንገራችሁ። ሰይድ ሞቷል። በዚህ ወግ መሐል ይሞታል። እየሳቃችሁ ስታነቡ ቆይታችሁ መጨረሻ ላይ ዱብ እንዲልባችሁ አልፈልግም። ሁሉም አውቆ አንድ ሰው ብቻ ሳያውቅ ሲቀር ምን እንደሚመስል በእኔ ደርሷል፤ በእናንተ አልደግመውም። በቃ አወቃችሁ... እንቀጥል።

እኔ ስናገር ቀስ እላለሁ። ስጽፍ እንደዚህ ነኝ፣ ደህና ነኝ። አፌን ስከፍት ግን ቃሉ ይመጣል፣ የሚመጣው ግን በእግሩ ነው። ሰይድ ደግሞ መጠበቅ የማይችል ሰው ነበር። ስለዚህ የእኔን ዓረፍተ ነገር የሚጨርሰው እሱ ነው፤ ብዙ ጊዜ በስሕተት። "ሽቦው..." ስል "ሽቦው ረዘመ? እቆርጠዋለሁ!" ይልና ይይዘዋል። ኤሌክትሪክ አለው ልለው ነበር። የቀረውን ሽቦው ራሱ ነገረው። ከወለሉ ተነስቶ መዳፉን እያራገፈ "ታዲያ ቶሎ አትልም ነበር? አንተ ሜርኩሪ!" አለኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ በሳጃና ስሜ ሜርኩሪ ሆነ። እናታችን ያወጣችልኝን እንድሪስን የሚያውቅ ሰው ከፈለጋችሁ የመኖሪያ ፈቃድ ቢሮ ጠይቁ።

እንግዲህ የመጨረሻው ደህና ቀን ሰርግ ነበር፤ አርካዊት ሰፈር። ወቅቱ ሱዳንን ሠላሳ ዓመት የገዛው ትልቁ ሰውዬ ከወንበሩ ወርዶ ማን እንደሚቀመጥበት ገና ክርክር ላይ ያሉበት ነው። ዳቦ በሰልፍ፣ ቤንዚን በሰልፍ፣ ሰልፉም በሰልፍ። ካርቱም ግን ሰርግ አታስቀርም። ጠዋት ጎማ ያቃጠለው ወጣት ማታ ነጭ ጀለቢያ ለብሶ ሲጨፍር ታገኙታላችሁ።

ድንኳኑን መንገዱ ላይ ተከልን፣ መብራቶቹን ሰቀልን። ከመግሪብ ሶላት ትንሽ ቀደም ብሎ ሰይድ አበራቸው። ሐምራዊ ሆኑ። የሙሽራዋ አባት ራሱን ቀና አድርጎ አየ።

"ይሄ ነው ጨረቃው?"

"ፊቷን እየታጠበች ነው አባቴ" አለ ሰይድ። ዓረብኛው ከእኔ አይሻልም፣ ግን ፈጣን ስለሆነ ስሕተቱ አይታይም።

"ዝግጅት ይወዳሉ ሐበሾቹ!" አለ ዐም ኡስማን እየሳቀ፣ መብራቱ የእሱ እንዳልሆነ ሁሉ።

ከዚያ በሩ፤ እውነትም አማሩ። ሙሽራዋ መጣች። የሱዳን ሙሽራ ለሰርጉ ማታ ቀይ ነው የምትለብሰው፤ እጇና እግሯ በሒና ያጌጠ ነው። ሜርኩሪ ግን ከቀይ ጋር የቆየ ጠብ አለው፤ በብርሃኑ ውስጥ ቀይ የሚባል ነገር ከስሙ በስተቀር የለም። ሙሽራዋ ድንኳኑ ውስጥ ስትገባ ቀዩ ልብሷ የተቃጠለ ቡና መሰለ። ከንፈሯ ጠቆረ። እናቷ ደረቷን መታች።

"ልጄን በቀይ አስገባሁ፣ በማቅ አወጣችኋት!"

"ይሄ የዘመኑ ቀለም ነው እመቤቴ" አለ ዐም ኡስማን። "ዱባይ በሙሉ አሁን እንዲህ ነው።"

እኔ እውነቱን ልነግራት ፈልጌ "የሜርኩሪ ብርሃን ቀ... ቀይ..." ስል ሰይድ "ቀይ ያሳምራል ማለቱ ነው!" ብሎ ጨረሰልኝ። ሴትዮዋ ሁለታችንንም አየችንና ወደ ዘፋኙ ሄደች።

ይኸው በዚህ መሐል ኤሌክትሪክ ጠቀሰ። ሄደ እንኳ አይባልም፤ ዓይኑን ጨፍኖ ገለጠ። የጎረቤት አምፖሎች ሁሉ መልሰው በሩ። የእኛ ድንኳን ግን ድቅድቅ! ዘፋኙ ቀጠለ፣ ከበሮው ቆመ፣ አንድ ሕፃን ጮኸ። የሙሽራዋ አባት ሰይድን በጨለማ ፈልጎ በክንዱ ያዘው።

"የጎረቤት መብራት ተመልሷል! የእኔ የት አለ?"

"አኩርፋለች አባቴ።"

"ማን?"

"መብራቷ።"

"በምን?"

"ሳትጠየቅ አጠፏት።"

ሰውዬው ክንዱን ጠበቅ አደረገው። ሊመታው ነው ብዬ ተጠጋሁ። "ታዲያ ምን ትጠብቃለህ?" አለ። "ውጣና ይቅርታ ጠይቃት!"

ሰይድም መሰላሉን ወጣ። ሰው ሁሉ በስልኩ መብራት ያየዋል። እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ፣ አንገቱን ሰብሮ፣ ያቺን የጠፋች ብርጭቆ "ማዕሌሽ እመቤቴ፣ ማዕሌሽ... ኤሌክትሪክ ልጅ ነው፣ አላወቀም፣ የዛሬን ማሪው" ይላታል። ሴቶቹ በእልልታ ድንኳኑን ነቀነቁት። የሙሽራዋ እናት ሳትቀር ሳቀች። መብራቷ ስትቀዘቅዝ በራሷ ጊዜ ሐምራዊ ሆና ብቅ አለች፤ ሰይድ ከመሰላሉ ጫፍ ላይ ሆኖ እንደ ሚኒስትር እጁን አውለበለበ። እስከ ዛሬ አርካዊት ውስጥ መብራት በልመና ይበራል ብሎ የሚያምን ሰው ካጋጠማችሁ፣ ሰርጉ ላይ ነበረ ማለት ነው።

በማግስቱ የተቃውሞ ሰልፍ ነበር። ሰይድ ሰልፈኞቹ ጎዳናውን ሳይሞሉት መብራቶቹን ሊያወርድ ማለዳ ተነሳ። እኔም ጫማዬን ሳጠልቅ አየኝ።

"አንተ የት?"

"አብሬህ..."

"አብሬህ ልሙት? አትሄድም! ዛሬ መንገዱ ሁሉ ፍተሻ ነው። 'ስምህ ማነው' ቢሉህ እንድሪስ እስክትል ድረስ መንግሥት ይቀየራል። ሱቅ ተቀመጥና ባላስቶቹን ጥረግ።"

አብሬህ ልሥራ ነበር ልል የነበረው።

ከዚያ የሆነውን በአጭሩ ልንገራችሁ፤ እኔም የሰማሁት በኋላ ነው። ሰይድ መሰላሉ ላይ ሳለ ሰልፉ በዚያ በኩል ታጠፈ። አስለቃሽ ጭስ ተተኮሰ። ጭሱ ለእሱ የተላከ አልነበረም፤ ለሰልፈኞቹ ነበር። ሰይድ ግን የሰው አደራ አልቀበልም የሚል ሰው አይደለም። ዓይኑን ሲይዝ መሰላሉን ለቀቀ። ወደቀ። አብሮት የነበረው የራክሻ ነጂ ሆስፒታል አደረሰው፤ ሆስፒታል ሲደርስ አብቅቶ ነበር። አብዮቱ ቀጠለ።

አሁን ስሙኝ። ወንድሜ የሞተው ረፋድ ላይ ነው። ከቀትር በፊት ሳጃና በሙሉ አወቀ። ሻይ የምትሸጠዋ አወቀች፣ ፀጉር አስተካካዩ አወቀ፣ ፀጉሩ በግማሽ የተላጨው ሰውም አወቀ። እኔ ባላስት እጠርጋለሁ። ምክንያቱም እኛ አገር መርዶ ሲነገር ሥርዓት አለው፤ ሟቹ የቅርብህ ከሆነ በድንገት አይነገርህም፣ ሽማግሌ ተሰብስቦ በንጋት መጥቶ ነው የሚነግርህ። እስከዚያ ድረስ ምንም እንዳልሆነ ሆኖ ይዋላል፣ ይታደራል። ይህንንም የሚመራው ጋሼ ይመር ነበር፤ ሳጃና ከመጣ ዕድሜ የሆነው የወሎዬዎች አባት፣ የእድራችን ሹም፣ የመርዶ ሊቅ።

ዐም ኡስማን ግን በዚህ አልተስማማም። ሱዳን ሬሳ አያሳድርም። "ሟችን ማክበር ቶሎ መቅበር ነው! ልጁ አሁን ይነገረውና እንቅበር!" ብሎ ነበር አሉ። ጋሼ ይመር "ለልጁ በጠራራ ፀሐይ ብቻውን መርዶ? እኛ አውሬ አይደለንም!" ብሎ ነበር አሉ። ሁለት አገር በወንድሜ ሬሳ ላይ ሊጣላ ሲል ሆስፒታሉ "ወረቀቱ የሚያልቀው ነገ ጠዋት ነው" ብሎ አስታረቃቸው። የወረቀትን ጥቅም ያየሁት ያን ጊዜ ብቻ ነው።

ስለዚህ እስከ ንጋት እኔን መያዝ ያስፈልጋል። በምን? ስለ ኳስ አላወራም። ስለ ፖለቲካ ሳወራ ፖለቲካው ይቀድመኛል። የቀረው አንድ ነገር ነው...

መጀመሪያ ዐም ኡስማን መጣ። አልጮኸም። ይህ ብቻ ሊያስደነግጠኝ በተገባ ነበር። የሚያከራየውን ወንበር አንዱን ዘርግቶ ተቀመጠ፤ በሕይወቱ የገዛ ወንበሩ ላይ ሲቀመጥ አይቼው አላውቅም፣ ቀለሙ ይለቃል ብሎ። "ስልክህን አውሰኝ፣ የእኔ ባትሪው አልቋል" ብሎ ስልኬን ወሰደና ኪሱ ከተተው። ከዚያ ጉሮሮውን ጠርጎ "ያ እንድሪስ" አለኝ። ሜርኩሪ አላለኝም። "ይሄ ዚባግ መብራት... እንዴት ነው የሚሠራው?"

አስቡት! ሰውዬው ስንት ዘመን ያከራየው መብራት ነው! ዝሆን ነጂ "ኩምቢው የት በኩል ነው?" ብሎ እንደጠየቀ ቁጠሩት። እኔ ግን ደስ አለኝ። አዎ፣ ደስ አለኝ። ከትምህርት ቤት ከወጣሁ ወዲህ የማውቀውን የጠየቀኝ የመጀመሪያው ሰው ነው። ባላስቱን አስቀምጬ ጀመርኩ።

ብዙም ሳልሄድ ጋሼ ይመር ሁለት የአገር ልጆች አስከትሎ ገባ። "ምን እየተባለ ነው?" አለ። ስለ መብራት ስለው "በል በል፣ ለእኛም ንገረን! ይሄን ነገር ስመኘው ነው የኖርኩት" አለ። ጋሼ ይመር ቤቱ ውስጥ በፋኖስ ነው የሚያመሸው፤ ኤሌክትሪክ ዓይን ያደክማል ባይ ነው። "መቼም ባዜቃ ነው አሉ ውስጡ" አለኝ። "ቀዩ ነው ነጩ?"

"ነ... ነጩ ነው ጋሼ። ቀይ ባዜቃ የሚባል የ... የለም። ሌቦች የፈጠሩት ወሬ ነው።"

ባለፈው ረመዳን ቀይ ባዜቃ ውስጡ አለ ብሎ የሰው የልብስ ስፌት መኪና ያስፈታ ሰው "እውነትህን ነው ልጄ" አለኝ።

ከዚያ ዘሀራ መጣች። ዘሀራ ሪያድ በሚባለው የካርቱም ሰፈር አንድ ቪላ ውስጥ የምትሠራ የአገራችን ልጅ ናት። ሰይድ ሊያገባት ነበር፤ እሱ ለመብራት የሚሰጣቸውን ቃላት ሁሉ የተማረው ከእሷ ኩርፊያ ነው ብላችሁ አልተሳሳታችሁም። እመቤቷ ከዓርብ በስተቀር ከበር አታስወጣትም። ዕለቱ ዓርብ አልነበረም። ዓይኗ ቀልቷል።

"ም... ምን ሆነሽ ነው?" አልኳት።

"ሽንኩርት ነው" አለች። "ጆንያ ሙሉ ሽንኩርት አስከተፉኝ።" ከዚያ የበሩ ደፍ ላይ ተቀመጠችና ነጠላዋን አፏ ላይ ያዘች። "በል ቀጥል። እኔም ልስማ።"

ቀጠልኩ። ስለ ብርጭቆው ነገርኳቸው። ስለ ጋዙ ነገርኳቸው። ትንሿ የውስጥ ብርጭቆ ከምን እንደምትሠራ ልነግራቸው ስል ቃሉ እንደ ልማዱ መንገድ ላይ ቀረ። "ኳ... ኳ..." አልኩ። ጠበቅሁ። የሚጨርስልኝ ሰው ጠበቅሁ። "ኳስ!" የሚል ሰው ጠበቅሁ፣ ዐም ኡስማን "ያላ፣ ተወው!" እንዲል ጠበቅሁ፣ ጋሼ ይመር ስለ ራሱ ወጣትነት እንዲያስገባ ጠበቅሁ። ማንም አልተናገረም። ሁሉም እጃቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው፣ አፌን አፌን እያዩ፣ በትዕግሥት... በምን ዓይነት ትዕግሥት! "ኳርትዝ" አልኩ በመጨረሻ። "ማሻአላህ" አሉ በአንድ ድምፅ።

ያን ጊዜ አወቅሁ።

ወዳጆቼ፣ ሰው እንዲህ አይሰማም። ጤነኛ ሰው ያቋርጣል። ይደክመዋል፣ ይዘላል፣ ያላልከውን ያስብልሃል። በሩን አየሁ። ሰይድ ቀትር ላይ እመለሳለሁ ብሎ ነበር፤ ፀሐዩ ግን ጥላውን ከግድግዳው አውርዶ መንገድ ተሻግሯል። ስልኬ ዐም ኡስማን ኪስ ውስጥ ነው። ዘሀራ ዓርብ ባልሆነ ቀን ደፉ ላይ ተቀምጣለች። ሁሉንም በአንድ ጊዜ አየሁት፤ በሕይወቴ የፈጠነልኝ ነገር ቢኖር እሱ ብቻ ነው።

ምን አደረግሁ በሉኝ? ተነስቼ "ንገሩኝ!" አልኩ? ደረቴን መታሁ? የለም... ቀጠልኩ። ባላስቱን አንስቼ ስለ ባላስት ጀመርኩ። እኔ እስካወራሁ ድረስ እነሱ አይናገሩም፤ እነሱ እስካልተናገሩ ድረስ ደግሞ ሰይድ በሕግ አልሞተም። ይህ የኛ አገር ሕግ ነው፣ እኔ አላወጣሁትም። ስለዚህ በሕይወቴ ያላወራሁትን ያህል አወራሁ። የማውቀው ሲያልቅ መዋሸት ጀመርኩ። ይህን መብራት የፈለሰፈው ሰው ሚስቱ ስላኮረፈችው ነው አልኳቸው። "ሱብሓን አላህ!" አለ ጋሼ ይመር፤ ያ የሙአዚኑን ሰዓት ሳይቀር የሚከራከር ሰው! በአንድ አገር በመብራቱ ሥር ዶሮዎች ቀንና ሌሊት እየጣሉ ገበሬው እንቁላል የሚያስቀምጥበት አጣ አልኳቸው። ዐም ኡስማን ራሱን ነቀነቀ። ሜርኩሪ ከሰማይ የሚወርደው በጨረቃ ግርዶሽ ቀን ነው ብል ኖሮ ቅርጫት ይዘን እንውጣ ባሉ ነበር።

ያቋረጠችኝ ዘሀራ ብቻ ነች። ያኮረፈች መብራት እስክትቀዘቅዝ አትበራም ስል ነጠላዋን ከአፏ ላይ አነሳች።

"ከቀዘቀዘች በኋላ ግን..." አለች። "ትነሳለች?"

ጋሼ ይመር ሳል ሳለ። ዐም ኡስማን ወንበሩን አንቋቋ።

"ትነሳለች" አልኳት።

ተነስታ ወጣች። "ሽንኩርቱ ነው" አለ ጋሼ ይመር። ማንም ስለ ሽንኩርት አልጠየቀውም።

ማታ ጋሼ ይመር "ዛሬ እኔ ዘንድ ታድራለህ፣ ሰይድ በሰልፉ ምክንያት አርካዊት ያድራል" ብሎ ይዞኝ ሄደ። እሺ አልኩ። ሌሊቱን አልነግራችሁም። ማንንም የሚያስቅ ነገር የለበትም።

ንጋት ላይ ግቢው ውስጥ የእግር ኮቴ ሰማሁ። መጡ። ከበሩ ውጭ በሹክሹክታ ይከራከራሉ።

"አንተ ታላቅ ነህ፣ አንተ ተናገር።"

"ትናንት እኔ አልነበር ቀኑን ሙሉ ባዜቃ ስሰማ የዋልኩት? ዛሬ ሌላ ሰው ይሁን እንጂ!"

"እንዲያ አይባልም ጋሼ፣ መርዶ ከአንተ አፍ ነው የሚያምረው።"

"ይቺን ልጅ አስቀምጧት፣ ልትወድቅ ነው!"

አላስቻለኝም። ተነስቼ በሩን ከፈትኩት። ሰባት ስምንት ሰው ግቢው ውስጥ ቆሟል፤ ዘሀራ በሁለት ሴቶች ተደግፋለች፣ ዐም ኡስማን ነጭ ጥምጥሙን ጠምጥሟል። ጋሼ ይመር ሊያንኳኳ እጁን እንዳነሳ ቀረ።

"ሰይድ ሞቷል" አልኩ። "አውቄያለሁ።"

አንዴ እንኳ ሳልደናቀፍ! በዕድሜዬ ሳልደናቀፍ የተናገርኩት የመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር እሱ ነው።

ጋሼ ይመር ያጽናናኛል ብዬ ስጠብቅ ፊቱ በቁጣ ቀላ።

"ማን ነገረህ?" ዘወር ብሎ ሰዎቹን በየተራ ገላመጣቸው። "ማን ነው የነገረው?"

"ወላሂ እኔ አልነገርኩም!" አለ ዐም ኡስማን።

"ማንም አልነገረኝም ጋሼ። አውቄያለሁ።"

"ማወቅህን ማን ጠየቀህ? መርዶ እንዲህ ነው እንዴ? ሰው በር ከፍቶ የወንድሙን ሞት ለለቀስተኛ ይናገራል? ግባ!"

"ጋሼ፣ አውቄያለሁ እኮ..."

"ግባና በሩን ዝጋ አልኩህ!"

ልስቅ ነበር። እውነቱን ነው የምነግራችሁ፣ ከንፈሬ ጫፍ ላይ ደርሶ ነበር። ከዚያ ዘሀራን አየሁ። ከትናንት ጀምሮ ነጠላዋን እንደነከሰች ናት። አንገቷ ላይ ያለው ሥር ተገትሯል። ያኔ ነው ነገሩ የገባኝ፤ የሟቹ ወንድም ሳይነገረው ማንም አያለቅስም። ትናንት ቀኑን ሙሉ እኔ ስለ ዶሮና ስለ እንቁላል ስዋሽ፣ ሰይድን ለራሴ ላቆየው ብዬ፣ እሷ እንባዋን ይዛ ደፉ ላይ ተቀምጣ ነበር። የእኔን ተራ እየጠበቀች።

ገባሁ። በሩን ዘጋሁ። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጥኩ።

ተንኳኳ።

"ማ... ማነው?" አልኩ። ማን እንደሆነ እንደማላውቅ ሁሉ።

ገቡ። ክፍሏ ሞላች። አንዱ በቀኜ፣ አንዱ በግራዬ ተቀመጠ፤ ክንዴን ያዙኝ። ጋሼ ይመር ፊት ለፊቴ ቁጢጥ ብሎ ጉልበቴን በሁለት እጁ ያዘ። ድምፁ ትናንት ከሰማሁት ሰው ድምፅ አይደለም።

"እንድሪስ ልጄ" አለ። "ሁላችንም የአላህ ነን፣ ወደ እሱም ተመላሽ ነን። ወንድምህ ሰይድ ጥሩ ወንድም ነበር። አሳደገህ፣ አስተማረህ፣ አገር አሻገረህ። ትናንት አላህ ወሰደው። ከእንግዲህ እኛ ነን ያለንህ።"

የማላውቀው አንድም ነገር አልነገረኝም። ሲነግረኝ ግን ልክ ያኔ ገና እንደሰማሁት ወለሉ ከሥሬ ሄደ፣ ግራና ቀኝ የተቀመጡት ሰዎች ለምን እንደተቀመጡም ገባኝ። ስወድቅ ያዙኝ። ዘሀራ ከበሩ ላይ "ሰይዶ!" ብላ ለቀቀችው፤ ግቢው በሙሉ ተከተላት። ዐም ኡስማን እንኳ፣ ሥርዓቱ ያልገባው ሱዳኒ፣ ጥምጥሙን ፊቱ ላይ አድርጎ እንደ ሕፃን አነባ።

ለካ መርዶ የሚነገረው ለማያውቅ ሰው አይደለም።

ትንሽ ስንረጋ ጋሼ ይመር ዓይኑን በጋቢው ጫፍ ጠረገና ጆሮዬ ድረስ ጎንበስ አለ። "አየህ?" አለኝ። "እንዲህ ነው እንጂ!"

ከዚያ ፊቴን አጠቡኝ፣ ጫማዬን አጠለቁልኝ፣ ወንድሜን ልቀብር ሄድኩ።